ክሎትሪማዞል ምንድን ነው?

አዳማ ሙቀቱ ሲበረታ ላብ የማያስቸግረው ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ የሚውል ሰው ብሽሽቱ ይላባል። ዝግ ጫማ የሚያደርግ ደግሞ የእግር ጣቶቹ መሃል እርጥብ ሆኖ ይውላል። ፈንገስ የሚወደው ይህንን ነው። ሰፈራችን ውስጥ «ጭርት ወጣብኝ» የሚል ሰው የማይጠፋውም ለዚህ ነው።

ክሎትሪማዞል ፈንገስን የሚያጠቃ ቅባት ነው። ቱቦው ላይ አብዛኛውን ጊዜ 1% የሚል ታያላችሁ፤ በ100 ግራም ቅባት ውስጥ 1 ግራም መድኃኒት አለ ማለት ነው። ፈንገስ የሴሉን ሽፋን የሚያጠናክረው ኤርጎስቴሮል በሚባል ንጥረ ነገር ነው። መድኃኒቱ ይህ እንዳይመረት ያግዳል። ሽፋኑ ይሳሳል፣ ያፈሳል፤ ፈንገሱም ማደግ ያቅተዋል።

ሥራው ግን ቀስ ያለ ነው። እኔ ራሴ አንዴ ክንዴ ላይ ጭርት ወጥቶብኝ፣ ማሳከኩ ሲተወኝ ዳንኩ ብዬ በአምስተኛው ቀን ተውኩት። ብዙም ሳይቆይ ሰፍቶ ተመለሰ። ቦታውን አጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ከቁስሉ ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይቀባል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፤ ቆዳው ከጠራ በኋላም ቢያንስ ሳምንት መቀጠል ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የስም መመሳሰል ነው። ክሎቤታሶል የሚባል ሌላ ቅባት አለ። ሁለቱም በ«ክሎ» ይጀምራሉ፤ አንዱ በ«ዞል»፣ ሌላው በ«ሶል» ያልቃል። ክሎቤታሶል ግን ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ማለትም የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ እንጂ ፈንገስን የማያጠቃ መድኃኒት ነው። ጭርት ላይ ሲቀባ ቅላቱና ማሳከኩ ቶሎ ይበርዳል፣ ሰውየውም ደስ ይለዋል። ከሥር ግን የቆዳው መከላከያ ስለሚዳከም ፈንገሱ ይስፋፋል። ክብ መልኩም ስለሚጠፋ ባለሙያ እንኳ ጭርት መሆኑን ለመለየት ይቸገራል። እባካችሁ፣ ከጎረቤት የተዋሳችሁትን ቱቦ ከመቀባታችሁ በፊት ስሙን እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡ።

ነጭ ሽንኩርትና በረኪናም ይቅሩ፤ ቆዳ ያቃጥላሉ።

የልጆች ቆረቆር ግን በቅባት ብቻ አይድንም። ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ቅባቱ አይደርስበትም። እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ፣ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።