ሾርትከቱ ፋይሉ አይደለም፦ ስለ ፋይልና ፎልደር አያያዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምፒውተር ለጀማሪዎች ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በየዙሩ የሚመጡት ሠልጣኞች ይለያያሉ፤ ይዘዋቸው የሚመጡት የተሳሳቱ እምነቶች ግን ያው ናቸው። አብዛኞቹ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታረማሉ። አንደኛው ግን ስንት ጊዜ ቢነገር አይለቅም፤ በእርሱ ሰበብ የሠሩትን የሚያጡ ሰዎችን ማየትም ስለሰለቸኝ ይህን ጽሑፍ በዋናነት ለእርሱ አውዬዋለሁ። የምናገረው ዊንዶውስ ስለተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ነው።

አስቀድሜ ቀላል ቀላሎቹን ላንሣ።

«ጽሑፌ ያለው ዎርድ ውስጥ ነው።» ዎርድ ጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ሲከፈት የሚደረድራቸው የቅርብ ጊዜ ፋይሎች ስሞች ብቻ ናቸው፤ ፋይሉ ከተሰረዘ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ቢቀርም የሚከፈት ነገር አይኖርም። በተቃራኒው ዎርድ ከኮምፒውተሩ ቢወገድ ጽሑፉ ካለበት ፎልደር ንቅንቅ አይልም። ሴቭ ሲደረግ የሚመጣውን መስኮት ሳያነቡ «እሺ» ብለው የሚያልፉ ሰዎች በኋላ «ፋይሌ ጠፋ» ይላሉ። ፋይሉ አልጠፋም፤ የት እንደተቀመጠ አልታየም እንጂ።

«የስሙን መጨረሻ ከቀየርኩ የፋይሉ ዓይነት ይቀየራል።» አይቀየርም። የዎርድ ፋይልን ስም መጨረሻ፣ ማለትም ከነጥቡ በኋላ ያለውን፣ ወደ ፒዲኤፍ ብትለውጡት ስሙ ብቻ ይለወጣል፤ ውስጡ ያው ነውና የፒዲኤፍ ማንበቢያው አልከፍትም ይላል። ዓይነቱን የሚለውጠው ፋይሉን በዎርድ ከፍቶ «ሴቭ አዝ» ካሉ በኋላ ፒዲኤፍን መምረጥ ነው።

«ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥኩት አይጠፋም።» ዴስክቶፕ እንደማንኛውም ፎልደር ያለ ፎልደር ነው፤ እንደ ወትሮው የሚገኘውም ሲ ድራይቭ ውስጥ በተጠቃሚው ስም ከተከፈተው ፎልደር ሥር ነው። ስለዚህ ዊንዶውስን እንደገና ለመጫን ሲ ድራይቭ ፎርማት ሲደረግ፣ ማለትም ያለበት ሁሉ ሲጸዳ፣ ዴስክቶፕ ላይ የነበረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው። «ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጌዋለሁ» የሚለኝ ሠልጣኝ ብዙ ጊዜ ያወጣው ፋይሉን ሳይሆን ሾርትከቱን ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው አንድን ፋይል ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ሴንድ ቱ» ከሚለው ሥር ዴስክቶፕን ከመምረጥ ነው። አማራጩ ሾርትከት እንደሚፈጥር እዚያው በቅንፍ ተጽፏል፤ ቅንፍ የሚያነብ ሰው ግን አላጋጠመኝም ማለት ይቻላል።

ሾርትከት የሌላ ፋይል ወይም ፎልደር አድራሻ የተጻፈበት ትንሽ ፋይል ነው። ስንጫነው ዊንዶውስ አድራሻውን ያነብና ዋናውን ካለበት ቦታ ይከፍተዋል። የቤቱን አድራሻ በወረቀት ጽፎ ኪሱ የከተተ ሰው ቤቱን ይዞ እንዳልሄደ ሁሉ፣ ሾርትከትን ወደ ፍላሽ የቀዳ ሰውም ፋይሉን ይዞ አልሄደም።

ነገሩን ክፉ የሚያደርገው ግን ጠንቃቃውንም ሰው ማታለሉ ነው። አንድ ሠልጣኝ በሰው ፊት የሚያቀርበውን ጽሑፍ እንዲህ ቀዳ፤ ፍላሹን ሳይነቅል ፋይሉን ከፍላሹ ላይ ጠቅ አድርጎ መከፈቱን አረጋገጠ፤ ተማምኖ ሄደ። የተከፈተለት በራሱ ኮምፒውተር ውስጥ የነበረው ዋናው ፋይል እንደሆነ በምን ይወቅ? ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካው የተጻፈው አድራሻ እዚያ ስለሌለ አልከፈት አለ። ተመልሶ መጥቶ የነገረኝ ፍላሹ መበላሸቱን ነበር። ፍላሹ ጤነኛ ነበር።

ሁለተኛው መልክ ከዚህ ይብሳል። አንዲት ሠልጣኝ «ዴስክቶፕ ላይ ካለልኝ ዶክመንትስ ውስጥ ያለው ለምን ቦታ ይይዛል?» ብላ ዋናውን ፎልደር ሰረዘች፤ የተሰረዙ ፋይሎች የሚቆዩበትን ሪሳይክል ቢንም አጸዳች። የቀራት አድራሻው ብቻ ነበር። ሐሳቧ ንጽሕና ስለነበር ልቆጣት አልቻልኩም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሾርትከትን ሳላስተምር ወደ መሰረዝ አላልፍም።

መለየት አስቸጋሪ አይደለም። በሾርትከት ምስል ግርጌ በስተግራ ማዕዘን ትንሽ ጠማማ ቀስት አለች። ቀስቷን የሚጠራጠር ፋይሉን ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ» ይበል፤ ዓይነቱ ሾርትከት መሆኑን፣ የሚያመለክተውም አድራሻ የትኛው እንደሆነ ተጽፎ ያገኘዋል። መጠኑም ምልክት ነው፤ ሾርትከት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ኪሎባይት አያልፍም። ፎቶ የሞላበት ፎልደር ወደ ፍላሽ በዓይን ጥቅሻ ከተቀዳ ደስ ሊላችሁ አይገባም፤ ልትጠረጥሩ ይገባል።

ይህን በጆሮ ሰምቶ ማለፍ ስለማይበቃ ልምምድ አዛለሁ። ዶክመንትስ ውስጥ «ልምምድ» የሚል ፎልደር ክፈቱና በኖትፓድ አንድ መስመር ጽፋችሁ እዚያ አስቀምጡ። የፋይሉን ሾርትከት ወደ ዴስክቶፕ ላኩ። መጀመሪያ ሾርትከቱን ሰርዙና ዋናው ፋይል በቦታው መኖሩን እዩ፤ ቀጥሎ ሾርትከቱን እንደገና ፍጠሩና አሁን ዋናውን ሰርዙ። ሾርትከቱን ስትጫኑት ዊንዶውስ የሚፈልገውን ነገር በቦታው እንዳጣው ይነግራችኋል። ይህን መልእክት ዋጋ በሌለው ፋይል ላይ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ዋጋ ባለው ፋይል ላይ አይደናገጥም። ፋይሉን ከሪሳይክል ቢን መመለስም የልምምዱ አካል ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ፍላሼ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆኑብኝ» የሚል። ፎልደር ራሱ ወደ ሾርትከት አይለወጥም። እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው ሾርትከት የሚተካ የቫይረስ ዓይነት አለ፤ ሾርትከቶቹን ስትጫኑ ቫይረሱን ራሱን ታስነሣላችሁ። ስለዚህ አትጫኑ፤ «ባዶ ሆኗል» ብላችሁም ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ በጸረ ቫይረስ አስፈትሹት፤ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን አማራጭ ስታበሩ ብዙ ጊዜ ፎልደሮቹ እንዳሉ ይገኛሉ። ካልታዩ ደግሞ እንደ ሲስተም ፋይል (የዊንዶውስ የራሱ ፋይል) ተደብቀው ሊሆን ስለሚችል ያንንም የሚገልጠውን አማራጭ መክፈት ያስፈልጋል።

«የሰረዝኩት ሁሉ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አለ።» ይህ የሚሠራው ከኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ለተሰረዘ ነው። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ፋይል እንደ ወትሮው በሪሳይክል ቢን አያልፍም፤ ሺፍትና ዲሊት አንድ ላይ ተጭነው የሰረዙትም እንዲሁ።

«ጎትቼ ስጥለው ኮፒ ይሆናል።» አንዳንዴ። በዚያው ድራይቭ ውስጥ ከፎልደር ወደ ፎልደር የተጎተተ ፋይል ቦታ ይቀይራል፤ ወደ ሌላ ድራይቭ፣ ለምሳሌ ወደ ፍላሽ፣ የተጎተተ ግን ይቀዳል። ይህን ለማስታወስ ከመጨነቅ በቀኝ የማውስ ቁልፍ መጎተት ይሻላል፤ ሲለቁት መቅዳት፣ ማዛወር ወይም ሾርትከት መፍጠር መፈለግዎን ይጠይቃል። ስሕተት ከተሠራም ኮንትሮልና ዜድ የመጨረሻውን እርምጃ ይመልሳል። ወደ ፍላሽ «ከት» የሚያደርጉ፣ ማለትም ሳይቀዱ ዋናውን የሚያዛውሩ፣ ሰዎችን ግን አጥብቄ እከለክላለሁ፤ ቀድቶ፣ መቀዳቱን አረጋግጦ፣ ዋናውን ኋላ መሰረዝ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

«ፎልደር በበዛ ቁጥር ሥርዓት ይሰፍናል።» በፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ፣ መጨረሻው ላይ አንዲት ደብዳቤ። ይህን ሥርዓት የሚሉ ሰዎች አሉ። ፋይል የሚገኘው በጥልቀቱ ሳይሆን በስሙ ነው፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲሱ»፣ «የመጨረሻ እውነተኛው» የተባሉ ሦስት ፋይሎች የቱንም ያህል በሚያምር ፎልደር ቢቀመጡ የትኛው የትኛውን እንደተካ አይታወቅም። ስሙ ውስጥ ቀን ይግባ፤ ዓመተ ምሕረቱ ይቅደም፣ ወሩና ቀኑም ሁልጊዜ በ2 አሃዝ ይጻፉ። 2024-03-09 ብሎ የሚጀምር ፋይል ከ2024-11-20 በፊት ይሰለፋል፤ ቀኑን ያስቀደመ ሰው ግን የየወሩ ፋይሎች ተደባልቀውበት ያገኛቸዋል። ቀኑን በእዝባር (/) ለመለየት የሚሞክር ደግሞ ዊንዶውስ አይቀበለውም፤ በፋይል ስም ውስጥ ከተከለከሉት 9 ምልክቶች አንዱ ነውና፣ ሰረዝ ይጠቀም።