ስኬለተን ሰዓት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የሽያጭ ቪዲዮ አየሁ። ሰዓቱ ጥቁር ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ አረንጓዴ የሚያበሩ መስመሮች አሉት። ፊቱ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ጎማ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከጠፈር መንኮራኩር ላይ የተፈታ ዕቃ ይመስላል፤ ሥራው ያምራል። ከሥሩ ግን «ስኬለተን ቱርቢዮን» ተብሎ ተጽፏል። ሰዓቱ ስኬለተን አይደለም፤ ቱርቢዮንም አይደለም።

ከቪዲዮው ሥር አስተያየት መስጫው ላይ አንድ ሰው ይህንኑ ለማረም ሞከረ። ሌላው ወዲያው መለሰለት፦ «ማሽኑ ከታየ ስኬለተን ነው፤ የሚሽከረከር ነገር ከታየ ቱርቢዮን ነው። ሌላው ወሬ ነው።» ይህን ዓይነት መልስ በየቦታው ስለማነበው ዛሬ በደንብ ልመልስለት። ሰዓታቸውን የሳይንስ ልብወለድ መልክ ሊያስይዙ የሚፈልጉ ወጣቶች በዚህ አባባል ተመርተው ነው ገንዘባቸውን የሚያወጡት።

ሜካኒካል ሰዓት በሞላ እንጂ በባትሪ እንደማይሄድ ታውቃላችሁ ብዬ እቀጥላለሁ።

ስኬለተን ማለት የማሽኑ ብረት ራሱ ተቆርጦ ሲሳሳ ነው። ጥርሶቹና ዘንጎቹ የሚቀመጡበት ዋና ሳህን አለ። ከላይ የሚይዟቸው ድልድይ የምንላቸው ብረቶች አሉ። በስኬለተን ከነዚህ ላይ ጭነት የማይሸከመው ብረት ሁሉ ይወጣል። የሚቀረው የግድ የሚያስፈልገው ብቻ ነው። ፊቱ ቢበሳ፣ ቢነሳ፣ በመስታወት ቢተካ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

የጭቃ ቤት አስቡ። ምሰሶ አለው፣ ማገር አለው፣ ላዩ በጭቃ ተመርጓል። ግድግዳው ላይ መስኮት ብትከፍቱ ውስጡ ይታያል፤ ቤቱ ግን ያው የተመረገ ቤት ነው። ኦፕን ሀርት የሚባለው ሰዓት ይህ ነው። ስኬለተን የምንለው ምርጊቱን ሁሉ አራግፋችሁ፣ ማገሩንም እየመረጣችሁ ቀንሳችሁ፣ ቤቱ ሳይዘም ሲቆም ነው። ከባዱ ነገር የትኛው ማገር እንደሚነሳ ማወቅ ነው። የማይነሳውን ካነሳችሁት ቤቱ ዛሬውኑ አይወድቅም። ቀስ ብሎ ይዘማል፤ በሩ አልገጥም ይላል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ድልድዩ ከመጠን በላይ ከሳሳ ይተጣጠፋል። ዘንጎቹ ትንሽ ያዘነብላሉ፣ ፍትጊያው ይጨምራል፣ ባላንሱ፣ ማለትም ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ የሰዓቱን ምት የሚጠብቀው ጎማ፣ ጉልበት ያጣል። እዚህ ሥራ ውስጥ የምናወራው ስለ ሚሊሜትር መቶኛ ነው።

ቱርቢዮን ደግሞ በዚሁ ቤት ውስጥ ምድጃው ከነጉልቻውና ከነድስቱ ሲዞር ነው። መስኮት መኖር አለመኖሩ አያገባውም። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ተመርጎም ምድጃው ይዞራል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለዚያ ሰው ዋናው መልሴ ነው። አብርሃም ሉዊ ብሬጌ የቱርቢዮንን የፈጠራ መብት ፓሪስ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1801 ነው። ያኔ ሰዓት የሚያዘው በኪስ ነበር። ኪስ ውስጥ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም የመሬት ስበት ባላንሱን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይጎትተው ነበር። ብሬጌ ባላንሱን፣ ቀጭኑን ሞላና የሞላውን ጉልበት በትንሽ በትንሹ የሚለቀውን ማምለጫ የምንለውን ክፍል አንድ ላይ በትንሽ ቀፎ ውስጥ አስገባ። ቀፎው በሙሉ እንዲዞር አደረገው። ዛሬ የተለመደው ዙር በደቂቃ አንድ ጊዜ ነው። በዚህ መንገድ ስህተቱ በየአቅጣጫው ይካካሳል። ዓላማው መታየት አልነበረም፤ ብዙዎቹ የድሮ ቱርቢዮኖች ከፊት በኩል አይታዩም ነበር። እንግዲህ «የሚሽከረከር ነገር ከታየ ቱርቢዮን ነው» ካልን ብሬጌ የሠራው ራሱ ቱርቢዮን አይሆንም ማለት ነው።

በቪዲዮው ቀዳዳ ውስጥ ያለው ባላንስ ነው። ባላንስ በየትኛውም ሜካኒካል ሰዓት ውስጥ አለ። ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል እንጂ ቦታውን አይለቅም። ለመለየት አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ባላንሱን የያዘው ብረት ካልተንቀሳቀሰ ቱርቢዮን አይደለም። ዋጋው ውድ መሆኑ ማስረጃ እንደማይሆን ሁሉ ርካሽ መሆኑም አይሆንም፤ ዛሬ የቻይና ፋብሪካዎች እውነተኛ ቱርቢዮን ከስዊዞቹ በብዙ እጥፍ በሚያንስ ዋጋ ይሠራሉ። በእጅ ሰዓት ላይ ጥቅሙ ያን ያህል ነው ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ክንዳችን ቀኑን ሙሉ አቅጣጫ ስለሚቀያይር የስበቱ ችግር እንደ ኪስ ሰዓት አይደለም።

አሁን ወደ ሞድ ሥራው፣ ማለትም የሰዓቱን ክፍሎች እየቀያየሩ መልኩን ወደ መለወጡ ልግባ። የወደፊቱን ዘመን መልክ የሚፈልጉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ኤንኤች በሚባሉት የጃፓኑ ሴይኮ ማሽኖች ነው። ምክንያቱም ማሽኑ የሚገባበት የሰዓቱ ቀፎ፣ ፊቱ፣ ሰዓትና ደቂቃ የሚያመለክቱት ቆጣሪዎች ሁሉ ለብቻ ይሸጣሉ። ችግሩ ግን እዚህ ይጀምራል። «ስኬለተን ፊት» ተብሎ የሚሸጥ የተቦረቦረ ፊት ይገዙና በተለመደው ኤንኤች35 ላይ ያደርጉታል። ከዚያ ይደነግጣሉ። የሚታየው የቀን ቀለበቱ ነው፤ ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ ያሉት ቁጥሮች ተደርድረው ይታያሉ። ከሱ ሥር ለዓይን ተብሎ ያልተሠራ ብረት አለ። ባላንሱ ጭራሽ አይታይም፤ ዋናው ሳህን ይሸፍነዋል። እውነቱን ለመናገር የቀን ቀለበቱ በጠቆረ መስታወት ሥር ሲታይ ደስ የሚል ነገር አለው። እሱን ፈልጋችሁ ካደረጋችሁት እደግፋለሁ። ግን ስኬለተን አይደለም።

ባላንሱ ከፊት እንዲታይ ከፈለጋችሁ ኤንኤች38 አለ። ቀን የለውም፤ ዋናው ሳህን በባላንሱ በኩል ብቻ ክፍት ነው። መስኮቱ እሱ ነው። ሳህኑና ድልድዮቹ በፋብሪካ የተቆረጡለት ደግሞ ኤንኤች70 ነው። ልኩ ከኤንኤች35 ጋር አንድ ስለሆነ በዚያው ቀፎ ይገባል። በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፤ ሙሉ ከተሞላ 41 ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ለዚህ መልክ የኔ ምርጫ እሱ ነው። በእጅ መጋዝ ተቆርጦ፣ ጠርዙ በእጅ ተሞርዶ የሚሠራው ስኬለተን ሌላ ዓለም ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዓይን አናይም። ኤንኤች35 ገዝታችሁ ቤት ውስጥ በመጋዝ ስኬለተን ላድርገው ማለት ግን ማሽኑን መግደል ነው። ብናኙ ብቻውን ይጨርሰዋል።

ስለ ሮተሩም ልናገር። ከጀርባ የሚዞረውን ክብደት አውጥተው በጥርስ ወይም በመንኮራኩር ቅርጽ በተሠራ ቀላል አሉሚኒየም የሚቀይሩ አሉ። ሮተር እጃችን ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሞላውን የሚሞላው በክብደቱ ነው፤ ያውም ከዳር ባለው ክብደት። ዳሩን ካቀለላችሁት ቀኑን ሙሉ አድርጋችሁት እንኳ በቂ አይሞላም። ከዚያ «ማሽኑ ተበላሸ» ብላችሁ ታመጡታላችሁ።

ሌላው የማንበብ ጉዳይ ነው። ስኬለተን ላይ ቆጣሪው ከጥርሶቹ ጋር ይቀላቀላል። የሚያበራ ቀለም የሚቀባበት ሜዳ የለም። ስለዚህ ብርሃኑን ዳር ያለው ቀለበትና ቆጣሪዎቹ ላይ አድርጉት። ቀለበቱ ላይ የግዕዝ ቁጥር አድርጋችሁ ጨለማ ውስጥ ብታዩት ከየትኛውም የፋብሪካ ዲዛይን የበለጠ ያምራል፤ ይህ የግሌ አስተያየት ነው። ዛሬ የምንጠቀመው ስትሮንቲየም አሉሚኔት ነው። ብርሃን ጠጥቶ መልሶ ይሰጣል፤ ጨረር የለውም።

ስለ ቀለም ካነሳሁ አይቀር ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር እላለሁ። ከአያት የተወረሰ የድሮ ሰዓት ከፍታችሁ ቁጥሮቹ ላይ ያለውን ቢጫ ቀለም አትፋቁ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተሠሩ ብዙ ሰዓቶች ላይ ያ ቀለም ራዲየም አለበት። ስለማያበራ የሞተ ይመስላችኋል። የደከመው የሚያበራው ውሁድ ነው፤ ራዲየሙ ግማሽ ዕድሜው ወደ 1,600 ዓመት ስለሆነ እዚያው አለ። ዱቄቱን መተንፈስ አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት ለሞድ አይሆንም።

ያ ሰው በመጨረሻ «ለምን ታካብዳላችሁ፣ ካማረ በቃ» ብሏል። ማማሩን አልክድም። ኦፕን ሀርትም ጥሩ ሰዓት ነው፤ እኔም በደስታ እገጥመዋለሁ። ግን ስኬለተን ብሎ የከፈለ ሰው ስኬለተን ማግኘት አለበት። ጀርባው መስታወት ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሰዓቱን ወደ መስኮት ብርሃን ያዙትና ከፊት ወደ ጀርባ ተመልከቱ። በእውነተኛ ስኬለተን ብርሃኑ በጥርሶቹ መሃል በብዙ ቦታ ሾልኮ ያልፋል። ብርሃኑ በአንድ ክብ ቀዳዳ በኩል ብቻ ከታያችሁ መስኮት ነው። ጭራሽ ካላለፈ የተበሳው ፊቱ ብቻ ነው። በቪዲዮ የሚሸጥላችሁ ከሆነ ይህንኑ አድርጎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።