ማደንዘዣው አንዳንዴ የማይይዘው ለምንድን ነው?

ድድ ላይ የተወጋ ማደንዘዣ ጥርሱን የሚያደነዝዘው አጥንቱን አልፎ ነርቩ ጋ ሲደርስ ነው። የላይኛው መንጋጋ አጥንት ስስና ቀዳዳማ ስለሆነ ሊዶኬይንም አርቲኬይንም የተባሉት ማደንዘዣዎች በቀላሉ ያልፉታል። በታችኛው የኋላ ጥርሶች አካባቢ ግን አጥንቱ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ፣ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ነርቩን ወደ አጥንቱ ከሚገባበት ቦታ አጠገብ ያደነዝዘዋል። አርቲኬይን ይህን አጥንት በማለፍ ረገድ ብልጫ አለው፤ ቲዮፌን የተባለው የሞለኪውሉ ቀለበት በስብ ውስጥ እንዲሟሟ ይረዳዋል፤ የሚዘጋጀውም በ4 በመቶ ነው፤ ሊዶኬይን ግን በአብዛኛው በ2 በመቶ።

ይበልጥ የሚያደናግረው የታመመው ጥርስ ነው። የነርቩን ሽፋን የሚሻገረው የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው የመድኃኒቱ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ብግነት (የታመመው ቦታ መቆጣት) የሚፈጥረው አሲዳማነት ደግሞ ይህንኑ ክፍል ይቀንሰዋል። እናም «አልያዘኝም» የሚል ታካሚ ፈሪ ሊባል አይገባም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው።