ወደ ውጭ አገር የሚያሻግሩ የነፃ ትምህርት ዕድሎች በኢትዮጵያ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ነፃ የትምህርት ዕድል፣ በተለመደው አጠራር ስኮላርሺፕ፣ ተማሪው በውጭ አገር እንዲማር የትምህርት ክፍያውን፣ የጉዞውንና የኑሮውን ወጪ መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ ድርጅት የሚሸፍንበት ድጋፍ ነው። በኢትዮጵያ የዚህ ድጋፍ ታሪክ ከዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ መማር የፈለገ ወጣት ባሕር ከመሻገር በቀር አማራጭ አልነበረውም። ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ገደማ የተለወጠው ዋናው ነገር መራጩ ነው፤ ምርጫው ከቤተ መንግሥት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ደግሞ ተማሪው በገዛ እጁ ወደሚያዘጋጀው ማመልከቻ ተዛውሯል።

ለትምህርት ወደ አውሮፓ የሄደው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ መመዘኛው ይለያያል፤ ሚሲዮናውያን የወሰዷቸው ልጆች ከተቆጠሩ ታሪኩ ከምኒልክ ዘመን ይቀድማል። በምኒልክ ፈቃድ ከሄዱት መካከል እ.ኤ.አ. በ1887 ሥዕል ሊማር ወደ ጣሊያን የተላከው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይጠቀሳል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረው ተመለሱ፤ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የአገሪቱን የመጀመሪያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው።

በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን የሚላኩት ተማሪዎች ቁጥር ጨመረ፤ መድረሻቸውም ግብፅን፣ ቤይሩትን፣ ፈረንሳይን፣ እንግሊዝንና አሜሪካን ያጠቃልል ጀመር። ዶክተር መላኩ በያን በኦሃዮ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1935 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ፤ ቀጥሎም በወረራው ዘመን በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሥርተው ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ አሰለፉ። በስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በአርበኝነት ከታገሉ በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ለመሆን በቅተዋል። በዚያ ዘመን ይህን ዕድል ያገኙ ሴቶች ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከውጭ ተምረው ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ በጣሊያን ወረራ፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ አልቀዋል። አገሪቱ ለዚህ ኪሣራ የከፈለችው ዋጋ ከነፃነት በኋላ መሥሪያ ቤቶችን እንደ አዲስ ማቋቋም ሲያስፈልግ በግልጽ ታይቷል።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ያሉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ከሁሉም በላይ የተመዘገቡት ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ለረጅም ጊዜ በራሳቸው እጅ ይዘው ስለነበር፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ተማሪ ከመነሣቱ በፊት ቤተ መንግሥት ቀርቦ እጅ ይነሣ፣ ሲመለስም ዳግመኛ ይቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የሄደው አፈወርቅ ተክሌ የታሰበለት የማዕድን ምህንድስና ነበር፤ ተሰጥኦው ግን ወደ ሥዕል ትምህርት ቤት መራው፣ ከዚያም ወደ ታዋቂው የለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስሌድ ገባ። ዛሬ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለ ቀለም መስተዋት የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው። እስክንድር ቦጎሲያን ወደ ለንደን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታም ወደ ኮሎኝ የሄዱት በዚሁ ዘመን ስለሆነ፣ የዘመናዊ የኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ በጉልህ ክፍሉ የስኮላርሺፕ ታሪክም ነው ማለት ይቻላል።

በግብርናው መስክ እ.ኤ.አ. በ1952 የተፈረመው ስምምነት የዓለማያን ኮሌጅ ከዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር አስተሳሰረ። አሜሪካውያን መምህራን ዓለማያ ሲያስተምሩ፣ የኮሌጁ ምርጥ ተመራቂዎች ወደ ኦክላሆማ እየሄዱ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው በመመለስ የመምህራኑን ቦታ ተረከቡ። ተተኪን በውጭ አሠልጥኖ ተቋምን በአገር ልጅ እጅ የማስገባቱ ዘዴ እንዲህ በተሟላ መልኩ የተሳካበት ሌላ ቦታ ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ሰጪም ነበረች፤ በ1950 ዓ.ም. አክራ ላይ በተካሄደው የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ለአፍሪካውያን ወጣቶች የነፃ ትምህርት ዕድል መስጠቷን አስታወቀች። በዚህ መንገድ ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ተማሪዎች በአዲስ አበባ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ ቀላል አልነበረም።

ውጭ የተማሩት ሁሉ የላካቸውን ሥርዓት ደግፈው አልቆሙም። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሐሳብ አመንጪ ከሆኑት አንዱ ገርማሜ ንዋይ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ ነበር፤ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የተደራጁት የተማሪ ማኅበራትም ለ1966ቱ አብዮት መንገድ ከጠረጉት መካከል ናቸው።

በደርግ ዘመን መድረሻው ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ቡልጋሪያና ሌሎች የምሥራቅ አገሮች ዞረ። ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ በመማር ያሳልፍ ነበር፤ ወደ ኩባ የሄዱት ልጆች ደግሞ ላ ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ በተባለችው ደሴት በተሠሩ ትምህርት ቤቶች ተማሩ። ከምሥራቅ የመጣ ዲግሪ ደካማ ነው የሚለው አነጋገር በየሆስፒታሉ፣ በየፋብሪካውና በየዩኒቨርሲቲው ለዐሥርት ዓመታት ባገለገሉት ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን ሥራ ውድቅ ሆኗል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሩ በየአቅጣጫው ተከፈተ። በዚያ ጊዜ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ በላይ በመሆናቸው ለመምህራን የሚያስፈልገው የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ሥልጠና እጅግ ሰፍቷል። የቤልጂየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ከመቐለና ከጅማ ጋር የገቡት የረጅም ጊዜ ትብብር፣ የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ዳድ (DAAD) እና የሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። ቻይና፣ ቱርክ፣ ሃንጋሪ፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያም በየዓመቱ ይወዳደሩ ዘንድ ኢትዮጵያውያንን ይጋብዛሉ። ኮሪያ ለቃኘው ሻለቃ ዘማቾች የልጅ ልጆች የምትሰጠው ልዩ ዕድል የአያቶችን ውለታ ያልዘነጋ በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል።

በግል ማመልከቻ ከሚገኙት መካከል ስማቸው የገነነው ፉልብራይት፣ ቺቭኒንግ እና ኢራስመስ ሙንደስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው ፉልብራይት የአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው ቺቭኒንግ ደግሞ የብሪታኒያ መንግሥት ናቸው። ቺቭኒንግ ቢያንስ የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ ገና ለተመረቀ ወጣት አይሆንም፤ የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕም ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ፣ ማለትም በአብዛኛው የብሪታኒያ የቀድሞ ግዛቶች ማኅበር፣ አባል ስላልሆነች አይመለከታትም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንደስ ግን የሥራ ልምድ በግድ ስለማይጠይቅና ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች ስለሚማርበት በወጣቶች ዘንድ ይበልጥ ይፈለጋል።

ውድድሩ ውጤትን ብቻ አይመዝንም። አመልካቹ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር ማስላክ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ከመምህራን ማሰባሰብ፣ ብዙ ጊዜም እንደ አይልትስ (IELTS) ያለ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና መፈተንና ለምን እንደሚማር በጥሩ እንግሊዝኛ መግለጽ አለበት። ኢትዮጵያዊውን ለብቻው የሚያስቸግሩ ነገሮችም አሉ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ ሰነድ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ከተጻፈ የሁለት ሰው ማስረጃ ይመስላል፤ ዲግሪው ላይ የሰፈረው ዓመትም ዓ.ም. መሆኑ ካልተገለጸ ተመራቂው ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የጨረሰ ይመስላል። ሰነዶቹን ከማስገባት አስቀድሞ ስምና ዘመን አንድ ወጥ ማድረግ ይበጃል። ከአዲስ አበባ ርቆ የሚማር ተማሪ ደግሞ መረጃው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ የማመልከቻው ቀን ሲያልቅ ነው፤ ይህ ከብቃት ማነስ ጋር ሊምታታ አይገባም።

ምሁራን ሳይመለሱ የሚቀሩበት ምክንያት ብዙ ያከራክራል፤ የደመወዝ ማነስ፣ የፖለቲካ ስጋትና የቤተ ሙከራ እጥረት በየወገኑ ይነሣሉ። በቺቭኒንግ የተማረ ሰው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ፉልብራይትም ተመሳሳይ የሁለት ዓመት ሕግ ያስከትላል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ መምህር ለትምህርት ሲሄድ ተመልሶ ለተወሰኑ ዓመታት እንዲያገለግል ዋስ ጠርቶ ውል ይፈርማል። ሳይመለስ ከቀረ ዕዳው ዋሱን ስለሚከተል፣ ደመወዙን አስይዞ የሚፈርም ሰው ማግኘት ለብዙ ወጣት መምህራን ከውድድሩ የማይተናነስ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል።