ስድስት ኪሎ ያለው የባህል መዝገብ

ስለ ኢትዮጵያ ባህል፣ የቤት አሠራር ወይ ጥንታዊ ሥዕል የቆየ ነገር ማጣራት የፈለገ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ስድስት ኪሎ ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት ምርምሩንም ላይብረሪውንም ሙዚየሙንም አንድ ላይ አድርጎ ነው የተነሳው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበር፣ የላይብረሪውንና የሙዚየሙን ስብስብ በብዛት ያደራጀው ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነው።

ቤቱ ራሱ አንድ ዶሴ ይወጣዋል። ገነተ ልዑል ይባላል፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረ። ጣሊያን ሲገባ ግራዚያኒ ተቀመጠበት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ቦምብ የተወረወረበት ግቢ ይሄው ነው፣ ከዛ በኋላ የወረደውን መዓት ሁላችንም እናውቀዋለን። ፊት ለፊቱ የቆመው የትም የማያደርስ ደረጃ ጣሊያን የሙሶሎኒን የሥልጣን ዓመታት ለመቁጠር የሠራው ነው፣ በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ወጣበት፣ ለኔ ይሄ ከማፍረስ የባሰ በቀል ነው። በታህሳስ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ታግተው የነበሩት መኳንንትና ባለሥልጣናት የተረሸኑትም እዚሁ ነው፣ ከዛ ብዙም ሳይቆይ ጃንሆይ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። መኝታ ቤታቸው አሁን የሙዚየሙ አካል ነው።

ሙዚየሙን የምወድለት አደራደሩን ነው። ዕቃውን ይሄ የእገሌ ብሔረሰብ ያ የእገሌ ብሎ ከመከፋፈል ይልቅ በሰው ዕድሜ ነው የሚሄደው፣ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ከዛ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። ስለዚህ የደጋውም የቆላውም፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ዕቃ አንድ ላይ ይገናኛል። ሥዕሎቹ፣ መስቀሎቹና የሙዚቃ መሣሪያዎቹ የየራሳቸው ቦታ አላቸው።

የኮንሶ ዋካ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዋካ መቃብር ላይ የሚተከል ከእንጨት የተጠረበ ምስል ነው፣ አንዱን ብቻ አይደለም የሚተክሉት፣ ጀግናው መሀል ይሆንና ሚስቶቹ፣ የገደላቸው ጠላቶች፣ አንዳንዴም የገደለው አውሬ አብረው ይቆማሉ። ሌባ አንዱን ነቅሎ ለነጋዴ ሲሸጠው እንጨቱ ይተርፋል ግን ማን እንደሆነ፣ የማን ሚስት እንደሆነች፣ የትኛው መንደር እንደነበረ ይጠፋል። መዝገብ የሚባለው ነገር ዋጋው እዚህ ላይ ነው፣ ዕቃው አጠገብ ያለችው ትንሽ ወረቀት ከዕቃው እኩል ናት።

የዶርዜ ቤት ደግሞ ጭራሽ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። ከቀርከሃ ነው የሚጠለፈው፣ በጣም ረጅም ሆኖ ይሠራና ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ዝቅ ያደርጉታል፣ ሲያስፈልግም ተሸክመው ቦታ ይቀይሩለታል፣ ስለዚህ ቤቱ ባረጀ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን በአንድ ፎቶ ይዤዋለሁ ማለት አይቻልም፣ በየጊዜው ተመልሶ ማንሳት፣ መለካት፣ ጠላፊዎቹን ማናገር ይፈልጋል፣ እውነቱን ለመናገር በዚህ በኩል መዝገባችን ስስ ነው።

ብራና ላይ ስንመጣ ታሪኩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎች ተነስተዋል፣ ቅጂው ሚኒሶታ፣ አሜሪካ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ላይብረሪ ተቀመጠ። እዛ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ምን እንደሆኑ እየለየ ካታሎግ ሲያዘጋጅ የኖረው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው፣ በደርግ ጊዜ በጥይት ተመትቶ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ከአገር የወጣ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈ። ዘመኑ ደም ያፈሰሰበት ስለነበር ፊልሙ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ስማቸው እንኳን የማይታወቅ ስንት መጻሕፍት በነበሩ።

ፊልሙ ግን የራሱ ጉድለት አለው፣ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ጽሑፉን እንጂ የሐረጉንና (የገጹን ጌጥ ማለት ነው) የሥዕሉን ቀለም አይሰጥም፣ የብራናው ስፌትና ድጉሱም፣ ማለትም የቆዳ ሽፋኑ ጌጥ፣ አይታይበትም። ለንባብ ግን ይበቃል፣ ብዙው አሁን ዲጂታል ሆኖ ላይብረሪው ድረገጽ ላይ በነጻ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል፣ ቀለሙን የፈለገ ግን ያው ስድስት ኪሎ ወይ ገዳሙ ድረስ መሄድ አለበት።