ስለ ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ስለ ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሳነሳ ጓደኞቼ ግር ይላቸዋል። እኛ ቢቢሲን የምናውቀው በዜና ነው። እኔ ግን ይህን ቢቢሲ ራሱ ያቋቋመውን የለንደን ኦርኬስትራ ከልቤ እወደዋለሁ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልመልስ። ቀኖቹም ዓመተ ምሕረቶቹም በሙሉ የአውሮፓ ናቸው።

«የሬዲዮ ኦርኬስትራ የፕሮግራም ማጀቢያ ነው የሚሠራው»

አይደለም። ኦርኬስትራው በ1930 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዋና መሪ አድሪያን ቦልት ነበር። በዚያ ዘመን አንድ የለንደን ሙዚቀኛ የተሻለ ክፍያ ሌላ ቦታ ካገኘ፣ ተተኪ ልኮ ይቀር ነበር። ልምምድ የሠራው አንዱ፣ መድረክ ላይ የሚጫወተው ሌላው! ቢቢሲ ለሙዚቀኞቹ ቋሚ ደመወዝ ከፈለና ይህን አስቀረ። አብሮ ውሎ አብሮ የሚለማመድ ቡድን ተገኘ።

«የሞቱ ሰዎችን ሙዚቃ ብቻ ይጫወታሉ»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ገንዘቡ በዋናነት ይመጣ የነበረው ሬዲዮ ለመስማት ከአድማጭ ከሚሰበሰብ የፈቃድ ክፍያ እንጂ ከትኬት ሽያጭ ስላልሆነ፣ ሰው ያልለመደውን ሥራ ለማሰማት ድፍረት ነበራቸው። ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ አልባን በርግ በሞተ በአራት ወሩ ገደማ፣ ግንቦት 1 ቀን 1936፣ የቫዮሊን ኮንቸርቶውን (አንድ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበትን ሥራ) ለንደን ላይ የተጫወቱት እነሱ ናቸው። የመራቸውም የበርግ ወዳጅ፣ የሙዚቃ ደራሲው አንቶን ቬበርን ነው። ከ1971 እስከ 1975 ደግሞ ፒየር ቡሌዝ መርቷቸዋል። እሱም ራሱ አዲስ ሙዚቃ የሚደርስ ሰው ነበር።

«መሪው እጁን ከማወዛወዝ በቀር ምን ይሠራል?»

ዋናው ሥራው ልምምድ ላይ ያልቃል። መድረክ ላይ የምናየው የመጨረሻውን ነው።

«የሀብታም መዝናኛ ነው»

ኦርኬስትራው በየክረምቱ የሚጫወትበት፣ ፕሮምስ የሚባለው የለንደን ተከታታይ ኮንሰርት በ1895 የተጀመረው ተራው ሰው በርካሽ እንዲሰማ ተብሎ ነው። ቢቢሲ በ1927 ተረከበው። ዛሬም ቆሞ ለሚያዳምጥ ርካሽ ትኬት አለ። ትኬት ያልቆረጠም በሬዲዮ ይሰማል።

«ጦርነት ሲመጣ ሙዚቃ ያበቃል»

ይህን የሚሉኝን እረዳቸዋለሁ። ደሴ ላይ ጦርነት ምን እንደሚያደርግ ዓይተናል። ኦርኬስትራው ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ በ1939 ከለንደን ወደ ብሪስቶል ሄደ። እዚያም ቦምብ ሲበዛ በ1941 ወደ ቤድፎርድ ተሻገረ፤ ከዚያ ሆኖ በሬዲዮ መጫወቱን ቀጠለ። በዚያው ዓመት ግንቦት የፕሮምስ አዳራሽ የነበረው ኩዊንስ ሆል በቦምብ ወደመ። ፕሮምስ ወደ ሮያል አልበርት ሆል ተዛወረ፤ እስካሁንም እዚያው ነው።

«ኦርኬስትራ የፈረንጅ ነው፤ የእኛን ቅኝት አይችልም»

ለወሎ ሰው ይህ ትልቁ ጥያቄ ነው። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆኑ አገራችን ናቸው።

እስቲ መሰንቆውን ቀረብ ብለን እንየው። አዝማሪው ደጋኑን ሙጫ ያሻሸዋል። ደጋኑም፣ አንዷ ክርም የፈረስ ጭራ ናቸው። የቫዮሊን ደጋንም የፈረስ ጭራ ነው፤ ሙጫም ይቀባል። ሁለቱም አንገት ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ምልክት የለም፤ ጣት ራሱ ድምፁን ፈልጎ ያገኘዋል። ስለዚህ የቫዮሊን ተጫዋች ጆሮው ቅኝቱን ከለመደ፣ አምባሰልን የሚከለክለው ነገር የለም።

ልዩነቱ ስምምነቱ ላይ ነው። አዝማሪ መሰንቆውን የሚቃኘው ለራሱ ድምፅ ነው። ሲምፎኒ ውስጥ ግን ሰማንያ፣ ዘጠና ሰው አለ። ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ በሰከንድ 440 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። ሁሉም በእሱ ይቃኛል። እኔ ከኮንሰርቱ ሁሉ የምወደው ይህችን ቅጽበት ነው።

«የፈረንጅ ነው» ለሚለውም መልስ አለ። በ1963 ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። መሰንቆ፣ ክራርና ዋሽንት አንድ ላይ ተቀመጡ። የየአካባቢው ተጫዋቾች፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይቃኝ የነበረ ሁሉ፣ እዚያ አብረው ተቃኙ።