የአልዛይመር ጂኖች ፍለጋ

የገዛ ልጃቸው ስም የጠፋባቸውን እናት ወይም አባት የሚያስታምም ሰው አንድ ጥያቄ አይለቀውም፦ ይሄ አልዛይመር የሚባል የመርሳት በሽታ በዘር ይመጣል?

አንዳንዴ አዎ። በጣም ጥቂት ቤተሰቦች ውስጥ አንድ የተለወጠ ጂን ብቻውን አልዛይመርን ያመጣል። እስካሁን የታወቁት ሦስት ናቸው፤ ኤፒፒ በ1991፣ ፕሬሰኒሊን 1 እና 2 ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. ተገኙ። በኮሎምቢያ አንቲዮኪያ የሚኖር አንድ ሰፊ ቤተ ዘመድ አለ። የፕሬሰኒሊን 1 ለውጥ የወረሱት አባላቱ ገና በ40ዎቹ ዕድሜያቸው መርሳት ይጀምራሉ። ያሳዝናል።

በእርጅና የሚመጣውና ብዙውን ሰው የሚይዘው ግን እንዲህ ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። በስዊድን መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት የዘር ድርሻው ከግማሽ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ድርሻው ግን በብዙ ጂኖች ላይ ተበታትኗል። ጎልቶ የወጣው በ1993 እ.ኤ.አ. የተለየው ኢ4 የሚባለው የአፖኢ ጂን ዓይነት ነው። እሱም ቢሆን ፍርድ አይደለም፤ ኢ4 ይዘው አእምሯቸው ሳይነካ የሚያረጁ አሉ፣ ሳይይዙ የሚታመሙም አሉ።

የቀሩት ጂኖች ተጽዕኖ ትንሽ ስለሆነ እነሱን ለማየት የብዙ መቶ ሺህ ሰው ዲኤንኤ ያስፈልጋል። በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ከበሽታው ጋር የተያያዙ 75 የዲኤንኤ ቦታዎችን ለየ። ቦታው ታወቀ ማለት ግን ቀበሌው ታውቆ ቤቱ እንዳልታወቀ ነው። አካባቢው ብዙ ጂኖች ይኖሩታል፤ ጥፋተኛውን መለየት የዓመታት ሥራ ነው።

ሌላው ችግር በሽተኛውን መለየቱ ራሱ ነው። የአንጎል ጉዳቱ ምልክት ከመታየቱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ይጀምራል። ስለዚህ «ጤነኛ» ተብለው ከተመዘገቡት መካከል በሽታው ውስጥ ውስጡን የጀመራቸው ይኖራሉ። በዚያው በ2022ቱ ጥናት ከ46 ሺህ በላይ ሰዎች ከበሽተኞች ጋር የተቆጠሩት ራሳቸው ታመው አይደለም። ወላጃቸው የመርሳት በሽታ እንደነበረበት ስለተናገሩ ነው።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የአፍሪካውያን ጉዳይ ነው። ከተጠኑት አብዛኞቹ አውሮፓዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ናቸው። በናይጄሪያ ኢባዳን የዮሩባ አረጋውያን ሲጠኑ ግን ኢ4 ከበሽታው ጋር ያለው ትስስር ከአውሮፓውያኑ በጣም የደከመ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካ ያለ ወገናችን ምራቁን ለጂን ምርመራ በፖስታ ልኮ «ኢ4 አለብህ» ቢባል፣ የሚነገረው የተጋላጭነት ቁጥር በአብዛኛው የተሰላው በአውሮፓውያን ላይ ነው።